ሰማዕታትን የሚጫወተው ራጋኢ

ራጋኢ ሸኑዳ ቁመት ያልተነፈገው ሰው ነው። ከናይል ምሥራቅ ዳርቻ ባለችው መንደሩ ውስጥ በየሰው ቤት ሲገባ በሩ ላይ ጎንበስ የሚለው እሱ ብቻ ነበር። ድምፁም ከቁመቱ አያንስም። ገና ጎረምሳ ሳለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «አሜን» ሲል ፊት የቆሙት አሮጊቶች ዘወር ብለው ያዩት ነበር። ሰማዕት ያደረገውም ይኸው ቁመትና ይኸው ድምፅ ነው፤ የመድረክ ሰማዕት ማለቴ ነው።

በዚያች መንደር ልማድ፣ ኅዳር ላይ የቅዱስ መርቆሬዎስ በዓል ሲደርስ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወንበር ይደረደርበታል፣ ምእመናኑ ልጆቻቸውን አቅፈው ይመጣሉ፣ የሰማዕቱም ገድል በቴአትር ይታያል። የቀድሞው መርቆሬዎስ ሆድ አውጥቶ የወታደሩ የብረት ልብስ፣ ጥሩሩ፣ አልዘጋ ሲለው ቦታው ለራጋኢ ተሰጠ። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበሩና ቀዩን ካባ በገዛ እጃቸው ሰፉለት። ጥሩሩ ከዘይት ቆርቆሮ ተቀጠቀጠ፤ ሁለቱ ሰይፎች ከእንጨት ተጠረቡ።

ንጉሡ ዳኬዎስ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ፣ «ለአማልክቴ ዕጣን አጢስ! አለዚያ ሥጋህን ለአሞራ እሰጠዋለሁ!» ብሎ ሲዝት፣ ራጋኢ የሹመት ቀበቶውን ፈትቶ ንጉሡ እግር ሥር ይወረውርና፣ «እኔ ክርስቲያን ነኝ!» ብሎ ይጮሃል። ያን ጊዜ አዳራሹ በእልልታ ይናጋል። እናቶች ያለቅሳሉ። ከመድረክ ሲወርድ ካባውን ነክተው እጃቸውን የሚስሙ፣ «ልጄን እስቲ ዳብስልኝ፣ ትኩሳት አልለቀው አለ» የሚሉም ነበሩ። መጀመሪያ መጀመሪያ ያፍር ነበር፤ «ኧረ እኔ ራጋኢ ነኝ!» ይላቸዋል። እየቆየ ግን ዝም ብሎ መዳበስ ጀመረ።

ሰው ሁሉ «አቡ ሰይፈይን» ይለው ጀመር፤ የሁለት ሰይፎች ጌታ ማለት ነው፣ አገሬው መርቆሬዎስን የሚጠራበት ስም። በዚህ የምትስቅበት ሚስቱ ኤቪት ብቻ ነበረች።

«አንተ ባለ ሁለት ሰይፉ፣ እስቲ ባንዱ ሽንኩርት ክተፍልኝ» ትለዋለች።

ልጆች ሲወለዱ ከአባቱ ጋር የሚሠራው የስፌት ሥራ ገቢ አልበቃ አለ። ራጋኢ ወንዙን ተሻግሮ ሚንያ ከተማ ውስጥ ሐጂ ሩሽዲ ከተባሉ ሰው የጨርቅ መደብር ሻጭ ሆኖ ተቀጠረ። ሐጂ ሩሽዲ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ተቀምጠው ሻያቸውን ይጠጣሉ፣ ስልክ ያነሳሉ። ባንኮኒው የሚተዳደረው በሰኢድ ነው። ሰኢድ ምላሱ እንደ መቀሱ የተሳለ፣ ለሀብታም ደንበኛ የሚያጎነብስ፣ ለገጠሬ ደግሞ ፊቱን የሚያዞር የቆየ ሻጭ ነበር።

ራጋኢ የሚለውን ስም ክርስቲያኑም እስላሙም ለልጁ ያወጣዋል። በመጀመሪያው ቀን ሰኢድ ያን ድምፁን ሲሰማ፣ «ኧረ ተው! ይህ ድምፅስ አዛን ቢሉበት ነው የሚያምር! ከዛሬ ጀምሮ ሸይኽ ራጋኢ ብዬሃለሁ!» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ ራጋኢም ሳቀ። «ኧረ እኔ ክርስቲያን ነኝ» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃው ነበር። ያቺ ትንፋሽ አለፈች። በማግሥቱ መናገሩ ከትናንት ይልቅ ከበደ፤ በሳምንቱ ደግሞ ጭራሽ የማይሆን መሰለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የራጋኢ ወለምታ ግን ዝምታ ነበረች፣ እሷም አልታሽ አለች።

ቀኝ እጁ አንጓ ላይ፣ በሕፃንነቱ ገዳም በዓል ሄደው እናቱ ያስነቀሱለት ሰማያዊ መስቀል አለ። በዚያ ላይ ማሰሪያው ሰፊ የቆዳ ሰዓት ገዝቶ አሰረ። ባልደረቦቹ ለቀትር ሶላት ሲሄዱ፣ «እኔ እደርስበታለሁ፣ ባንኮኒውን ልጠብቅ» ይላል። የክርስቲያኑ ጾም ገብቶ ሥጋ ሲገፋ፣ «ጨጓራዬ ነው» ይላል። ሰኢድም አዝኖለት ከእናቱ ቤት ለጨጓራ የሚሆን የተፈላ ቅጠል በጠርሙስ ያመጣለት ጀመር። ራጋኢ ያን መራራ ነገር እያመሰገነ ይጠጣዋል።

ማንም አላስፈራራውም፤ ማንም ሃይማኖቱን አልጠየቀውም። እሱ ግን ወንዙን በጀልባ ሲሻገር ጠዋት ጠዋት ለራሱ የሚነግረው ነገር ነበረው። «ይህ ጥቃቅን ነው። የልጆቼን ዳቦ ነው የምጠብቀው። ሰይፍ የመጣ ዕለት ማን እንደሆንኩ ያዩታል።» እውነቱን ነው፤ ለሰይፉ በየዓመቱ ይለማመድ ነበር።

በኅዳር መጀመሪያ አካባቢ፣ ገበያ በሞቀበት አንድ ቀን፣ አንዲት አሮጊት ወደ መደብሩ ገቡ። ጥቁር ለብሰው፣ አንገታቸው ላይ ትንሽ የእንጨት መስቀል አንጠልጥለው፣ እግራቸው አቧራ ለብሶ ነበር። ቀይ ከፋይ ፈለጉ። ሰኢድ አንዱን ጥቅል ባንኮኒው ላይ ጣል አደረገላቸውና ሌላ ደንበኛ ሊያስተናግድ ሄደ። እሳቸው ጨርቁን ዳበስ ሲያደርጉ ከሩቅ ጮኸባቸው።

«እጅሽን ከዚያ ላይ! ላም ስታልቢበት የዋልሽውን እጅ ከፋዬ ላይ ትጠርጊያለሽ?»

ደንበኞቹ ሳቁ። አሮጊቷ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ታጥቤዋለሁ ልጄ። ከናዝለት ሩማን ነው የመጣሁት፤ ለመቅደሱ መጋረጃ ነው። ለጥር በዓላችን።»

«ለመጋረጃ? እኔ ደግሞ ልትዳሪ መስሎኝ!» አለ ሰኢድ፤ ሳቁ በረታ። «ቄሳችሁ ሰው አጥተው ነው አንቺን የላኩት? ቁሚ እዚያ፣ ተራሽን ጠብቂ።»

እሳቸውም ቆሙ። ከሳቸው በኋላ የመጡት ሁሉ ገዝተው ሄዱ። አሮጊቷ አንዴ በአንዱ እግራቸው፣ አንዴ በሌላው እየተደገፉ፣ «ልጄ፣ ጉልበቴ እየከዳኝ ነው፤ መቀመጫ ካለ...» አሉ። ሰኢድ አልሰማም። ራጋኢ ግን ሰምቶ ነበር። ሰምቶ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ ከላይኛው መደርደሪያ ጥቅል እያወረደ ራሱን ሥራ አስያዘ።

እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ እጅጌው ተንሸራተተ፤ ሰዓቱም ወደ ክንዱ ወረደ። አሮጊቷ ቀና ብለው ይመለከቱ ነበርና ፊታቸው በራ።

«ውይ የድንግል ያለህ! የኛ ልጅ! እዚህ አለህልኝ? ና እስቲ ልጄ፣ አንተ ንገርልኝ!»

መደብሩ ሁሉ ዞሮ ራጋኢን አየ። ሰኢድ መቀሱን አስቀመጠ።

«ምን? ሸይኽ ራጋኢ የናንተ ነው?» ብሎ ተንከተከተ።

ራጋኢ መሰላሉ ላይ ሆኖ ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«እኔ? ተሳስተዋል እናቴ» አለ እጅጌውን ወደ ታች እየሳበ። «ይቺ በልጅነቴ የተቃጠልኩባት ናት። ጠባሳ ነው።»

«ጠባሳ?» አሉ አሮጊቷ።

«ጠባሳ ነው።»

ረዘም አድርገው አዩት። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቁጣ ቢሆንማ በተሻለ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እሺ ልጄ። እግዜር ይማርህ» አሉና ከፋዩን ሳይገዙ፣ እያነከሱ ወጡ።

ከሰዓት በኋላ መደብሩ ሲቀዘቅዝ ሐጂ ሩሽዲ ራጋኢን ጠሩት። ሻይ አስመጡለትና ብርጭቆውን ወደ እሱ ገፋ አደረጉ።

«ራጋኢ፣ ምን አስፈሪ ነገር አይተህብኝ ነው?» አሉት።

«ምን አሉኝ ሐጂ?»

«የቀጠርሁህ ዕለት መታወቂያህን ያየሁት እኔ ነኝ። ክርስቲያን እንደሆንክ አውቃለሁ። ሰኢድ ሸይኽ እያለ ሲጠራህ ስትስቅ፣ ቀልዳቸው ነው ብዬ ተውኩት። አባቴና የአባትህ ዓይነት ሰዎች በአንድ ገበታ ሲበሉ እያየሁ ነው ያደግሁት። ዛሬ ግን በገዛ ሱቄ ውስጥ፣ ሰው ሃይማኖቱን እንደ ሌባ የሚደብቅብኝ አስፈሪ ሰው አደረግኸኝ።»

ራጋኢ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ያቺንም ሴትዮ» አሉ ሐጂ ሩሽዲ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔም ተነሥቼ ማስቀመጥ ነበረብኝ። ስልክ ይዤ ነበር ብዬ ራሴን ስደልል ዋልኩ። እኔም አፍሬአለሁ። ሻይህን ጠጣ።»



በዚያው ቀን ማምሻውን የቴአትር ልምምድ ነበር። ልምምዱን የሚመሩት አቡና ሳዊሮስ ናቸው፤ ወፈር ያሉ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው፣ መድረክ ላይ ሰው ሲሳሳት በፎጣቸው የሚጋረፉ የመንደሩ ቄስ። ራጋኢ የቆርቆሮ ጥሩሩን ለብሶ ቆመ። ዳኬዎስ የሆነው የመንደሩ ፀጉር አስተካካይ ዛተ፣ ፎከረ። ራጋኢ ቀበቶውን ፈታ፤ ወረወረ፤ አፉን ከፈተ።

ምንም አልወጣም።

«እኔ...» አለ። «እኔ...»

«በርታ እንጂ አቡ ሰይፈይን! ቀበቶው አንቆህ ነው?» አሉ አቡና። ሰው ሳቀ።

እንደገና ሞከረ። «እኔ ክር...» ብሎ ያችው «ጠባሳ ነው» ያለችው ድምፅ ከደረቱ ወጣች፤ ሰላላ፣ ትንሽ፣ የሱ ያልሆነች የምትመስል። ጥሩሩን አውልቆ መሬት ላይ አኖረና ከአዳራሹ ወጣ። ጉንፋን ነው ተባለ። አንዲት ሴት ዝንጅብል አፍልታ ልካለት ነበር።

አቡና ሳዊሮስ ግን ተከትለውት ወጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር፣ የቀን ሙቀት ያልለቀቀው ድንጋይ ላይ አጠገቡ ተቀመጡ። ራጋኢ ከመጀመሪያዋ ሳቅ እስከ መጨረሻዋ «ጠባሳ» ድረስ ነገራቸው። ሲጨርስ አቡና አልቀለዱም።

«ንስሐ ስጡኝ፣ አቡና።»

«እሰጥሃለሁ። መጀመሪያ ግን ሴትዮዋን ፈልግ።»

«ለእሑድ ቅዳሴ ሕዝቡ ፊት ቆሜ ልናገር፤ ሁሉም ይወቀኝ።»

«አይሆንም» አሉ አቡና። «ያንንም ቴአትር ታደርገዋለህ። ሂድ፣ ሴትዮዋን ፈልግ።»

በዕረፍቱ ቀን ራጋኢ ከመደብሩ ምርጡን ቀይ ከፋይ ገዝቶ፣ በብብቱ ይዞ ወደ ናዝለት ሩማን ሄደ። በጀልባውም፣ በጭነት መኪናውም ላይ የሚናገረውን ሲያሰናዳ ነበር። ስለ ውድቀቱ፣ ስለ ነፍሱ፣ እንዴት እንቅልፍ እንዳጣ። አንዳንዱ ቦታ ላይ ሲደርስ ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር።

የከፋይ ፈላጊዋን አሮጊት ጠይቆ ለማግኘት አልተቸገረም። የናሺድ እናት ናቸው፣ ኡም ናሺድ ይሏቸዋል። ቤታቸው ጣሪያ ላይ ሆነው፣ የተቦካውን ሊጥ በሸክላ ሰሌዳ እየደለደሉ እንዲነፋ ፀሐይ ላይ ሲያሰጡት አገኛቸው። እጃቸው ሊጥ ነበር። ቀና ብለው አዩት።

«አሃ» አሉ። «ባለ ጠባሳው።»

ራጋኢ ከፋዩን መሬት ላይ አኑሮ ጉልበቱ ላይ ወደቀ።

«ይቅር ይበሉኝ እናቴ። ክርስቶስን ካድሁት።»

«እኔን ምን አገባኝ?» አሉ ኡም ናሺድ ሊጡን እየጠፈጠፉ። «እሱን ከካድህ ለሱ ንገረው። ጴጥሮስም ክዶት ታርቀዋል፤ እነሱ ይተዋወቃሉ።»

ራጋኢ ቀና ብሎ አያቸው።

«ታዲያ... ታዲያ እናቴ...»

«ታዲያማ እኔስ? ተነሥ፣ ልብስህን አታቆሽሽ። እኔስ ነው የምልህ!» ሊጡን ትተው ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። «ያ ባለጌ በሰው ፊት ሲዘረጥጠኝ፣ ጉልበቴ ሲከዳኝ፣ አንተ ያን የሚያህል ቁመት ተሸክመህ ታየኛለህ! ‹ክርስቲያን ነኝ በልልኝ› አልሁህ? በርጩማ ነበር የፈለግሁት! በርጩማ ለመሳብ መስቀል መነቀስ ያስፈልጋል? እሺ፣ እስላም ነበርህ እንበል። እስላም የእናቱን እኩያ አያስቀምጥም? ጎረቤቴ ዘይነብ አይታኝ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ሰውዬ በገዛ መቀሱ ጢሙን ትላጨው ነበር!»

ራጋኢ አንገቱን ደፋ። መንገዱን ሁሉ ያዘጋጀው ንግግር ስለ ራሱ ነበር። ስለ ነፍሱ ተናግሯል፣ ስለ ውድቀቱ፣ ስለ እንቅልፉ። የሴትዮዋ ጉልበት ግን ንግግሩ ውስጥ አልነበረም። አንዴም አልገባም። ከመደብሩ ይልቅ፣ ከመድረኩ ይልቅ፣ እዚህ ጣሪያ ላይ ነው ኀፍረት እስከ አጥንቱ የዘለቀው።

«እውነትዎን ነው» አለ።

«እውነቴን ነው እንጂ! ጀልባው ላይ እያለቀስሁ ነው የተመለስሁት። የሰደበኝ ሰውዬ አልነበረም ያስለቀሰኝ፤ ባለጌን መች አጣሁት። አንተን ሳይ ‹ብቻዬን አይደለሁም› ብዬ ነበር። ለዚያች አፍታ።»

ከታች ዶሮዎቹ ይንጫጫሉ።

«ከፋዩን ለመቅደሱ...» ብሎ ጀመረ ራጋኢ።

«ይዘኸው ሂድ። ከሌላ ሱቅ ቀይ ጥጥ ገዝተን ሰፍተናል። ኀፍረትህን አምጥቼ መቅደሱ ላይ አልሰቅልም።» ከዚያ እጃቸውን ታጠቡና፣ የትናንቱን ዳቦ ቆርሰው በሸንኮራ አገዳ ማር ሰጡት። «ብላ። ቂም ሌላ፣ ዳቦ ሌላ።»

በላ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉትም፤ እሱም ደግሞ ለመጠየቅ ፊት አልነበረውም። ከፋዩን በብብቱ እንደያዘ ተመለሰ።

አቡና ሳዊሮስ ጋ ሄዶ የሆነውን ነገራቸው። «መርቆሬዎስን አልጫወትም» አላቸው። «ያንን ቃል በዚህ አፌ አልልም።»

አቡና ጺማቸውን ሲያሻሹ ቆዩ። «መርቆሬዎስ ኅዳር ሃያ አምስት ነው። ከሱ ሁለት ቀን ቀጥሎ የማን በዓል ነው?»

«ያዕቆብ ግሙድ።»

«ገድሉን ታውቀዋለህ?»

«ማን የማያውቅ አለ? ጣቱን፣ እጁን፣ እግሩን አንድ በአንድ ሲቆርጡት እያመሰገነ...»

«ያ መጨረሻው ነው። መጀመሪያውስ?»

ራጋኢ ያውቀዋል፤ በየዓመቱ ስንክሳሩ ሲነበብ ሰምቶታል። ያዕቆብ የፋርስ ንጉሥ ወዳጅ ነበር። ንጉሡ አላሰቃየውም፣ ሰይፍም አልመዘዘበትም፤ ወደደው፣ አጠገቡ አስቀመጠው። ያዕቆብም ያን ወዳጅነት እንዳያጣ ሃይማኖቱን ተወ። እናቱና ሚስቱ ሰምተው፣ «ከእንግዲህ ከአንተ ጋር አንድነት የለንም» ብለው ላኩበት። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።

«እኛ ቅዱሳኑን ከኋላ ጀምረን ነው የምናነባቸው» አሉ አቡና። «አክሊሉን አይተን እናጨበጭባለን። ለስንት ዓመት እኔው ራሴ ነኝ ለዚያች የመጀመሪያ ገጽ ስል የያዕቆብን ገድል ከመድረክ ሳርቅ የኖርሁት፤ ‹ሕዝቡ አይወዳትም› እያልሁ። እኔም የማፍርበት አለኝ፣ ልጄ። ዘንድሮ በሃያ ሰባት እንጫወታለን። ከመጀመሪያዋ ገጽ።»

ተጫወቱ። ራጋኢ ጥሩር አልነበረውም፤ ከንጉሡ ገበታ ቀርቦ፣ ንጉሡ ሲስቅ እየሳቀ፣ ንጉሡ ሲጎርስ እየጎረሰ፣ ቀስ በቀስ የሚክድ ሰው ሆነ። እልልታ አልነበረም። ሕዝቡ ግራ ተጋባ። አንድ ሽማግሌ ጮክ ብለው፣ «ዘንድሮ ሰይፎቹ የሉም እንዴ?» አሉ። የያዕቆብን ሚስት የተጫወተችው ልጅ፣ «ከአንተ ጋር አንድነት የለኝም» ስትለው ራጋኢ መልስ መስጠት ነበረበት፤ ቃሉ ተጽፎለታል። አልተናገረውም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ቆመ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ጨዋታ ይሁን ምን ይሁን ማንም አላወቀም። ያወቀችው ኤቪት ናት። ወደ ቤት ሲሄዱ አልቀለደችበትም። ክንዱን ይዛው ሄደች።

በነጋታው ሰዓቱን ሳያስር መደብር ገባ። ሰኢድ መጀመሪያ አላየም፤ ቀትር ላይ ያን የቅጠል ጠርሙስ ሲያቀብለው አየ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«መስቀል ነው። ክርስቲያን ነኝ፣ ሰኢድ። ጨጓራዬም ደህና ነው። ጾም ነበር።»

ሰኢድ ጠርሙሱን እንደያዘ ቀረ። ራጋኢ ስድብ ጠብቆ ነበር፤ ቢሰድበው ይቀለው ነበር።

«እናቴ እኮ ናት በየማለዳው የምታፈላው» አለ ሰኢድ። «‹ያ ጓደኛህ ተሻለው?› እያለች። ምን አድርጌህ ነው? ብትነግረኝ እበላሃለሁ?»

«ምንም አላደረግኸኝም።»

«ሸይኽ ስልህ ስንት ዓመት ሙሉ በሆድህ ስትስቅብኝ ኖርህ ማለት ነው።»

«አልሳቅሁም፣ ሰኢድ። ወላሂ... በእግዚአብሔር፣ አልሳቅሁም።»

ሰኢድ ጠርሙሱን የእጅ መታጠቢያው ውስጥ ገለበጠው። ለብዙ ቀን ከሥራ ቃል በቀር አላናገረውም። ራጋኢ ለካ ሲደበቅ የኖረው ከጠላት እንዳልነበር ያን ጊዜ ገባው፤ ይህ ደግሞ ሌላ፣ ለብቻው የሚያቃጥል ኀፍረት ሆነበት።

ሰኢድ በጠባዩ ግን ያው ሰኢድ ነው። ከገና በፊት አንዲት የገጠር ሴት፣ ሙስሊም ናቸው፣ ለልጃቸው ሰርግ ጨርቅ ሊገዙ መጥተው ያው ነገር ተደገመ፦ «እጅሽን ከዚያ ላይ!» ሳቅ፤ «ቁሚ እዚያ!» ራጋኢ ከመሰላሉ ወረደ። ያ የተደነቀ ድምፁ የት እንደገባ እንጃ። ሐጂ ሩሽዲ አጠገብ ያለውን ወንበር አንሥቶ አምጥቶ፣ «እዚህ ይቀመጡ» አላቸው።

«ምንህ ናት?» አለ ሰኢድ።

«አክስቴ ናቸው» አለ ራጋኢ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። አንድ ደንበኛ ፈገግ አለ። ሴትዮዋ ተቀመጡ፤ ጨርቁን አገላበጡ፤ ተወደደብኝ ብለው ምንም ሳይገዙ ሄዱ። አመሰግናለሁም አላሉ። ከዚያ በቀር ምንም አልሆነም። ሐጂ ሩሽዲ ግን በማግሥቱ በባንኮኒው ፊት ሁለት ወንበሮች አስቀምጠው፣ ሰኢድን፣ «ከነዚህ ላይ ሰው ያስነሣ፣ ነገሩ ከኔ ጋር ነው» አሉት።

ጥር ላይ የናዝለት ሩማን የእመቤታችን በዓል ሆነ። ራጋኢ ማንም ሳይጠራው ሄደ። ከሰው ኋላ ቆሞ አስቀደሰ። በመቅደሱ ላይ የተሰቀለው ቀይ ጥጥ መጋረጃ ነበር፣ ስፌቱ ትንሽ የጠመመ። ሲያየው ዓይኑን ሰበረ። ቅዳሴው ሲያልቅ፣ ሕዝቡ በሚበላበት ግቢ፣ ኡም ናሺድ ከሩቅ አዩት። ሰላም አላሉትም።

«አንተ ረጅሙ!» ብለው ተጣሩ። «ወንዶቹ በልተው ጠፉብን። ያን ድስት የሚሸከም ሰው አጣን። ና!»

መረቅና ሥጋ የተቀቀለባቸው ድስቶች ሰው የሚያስተኙ ናቸው። እየተሸከመ ወደ ውኃው አወረዳቸው፤ እጅጌውን ሰብስቦ ከሴቶቹ መሐል ቁጢጥ ብሎ ያጥብ ጀመር። ጥቀርሻው እስከ ክርኑ ደረሰ። ወጣቶቹ ሴቶች እርስ በርስ እየተጠቃቀሱ ሳቁበት፤ ከመካከላቸው አንዷ፣ «ይሄ የማን ቤት ሙሽራ ነው?» አለች። ፊቱ ቀላ፤ ግን አልተነሣም። የመጀመሪያውን ድስት ጨርሶ ሲደፋው ኡም ናሺድ እያነከሱ መጡ፤ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ውስጡ አሽከረከሩና ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩት።

«ይሄ ታጠበ ይባላል? ቅባቱ እኮ እንዳለ ነው። ድገመው።»

«እሺ እናቴ» አለ ራጋኢ።

ድስቱን መልሶ አገላበጠ፤ አንድ እፍኝ አሸዋ ጨመረበትና እንደ ገና ይፈትገው ጀመር።